በውኃ ወረፋ ላይ የቆመ ወንድ

ክልሉ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ የእኔ ሥራ ማስተርጎም ነበር። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ቢሮዎች በየጊዜው ይከፈታሉ፤ ትናንት መጋዘን የነበረ ቤት ቀለም ተቀብቶ፣ በሩ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሎ፣ አንድ ጠረጴዛና ጥቂት ወንበሮች ገብተውበት ቢሮ ይባላል። አማርኛ የሚችል የአገሩ ልጅ ይፈለግ ስለነበር፣ ከደገኛ አስተማሪዎች የተማርኩት እኔ ብዙም ሳልለፋ ተቀጠርኩ። ከኃላፊዎች ጋር በላንድክሩዘር ወደ ኢታንግ ወይም ወደ አቦቦ እሄዳለሁ፤ እነሱ በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ በአኙዋክኛ እደግማለሁ።

በየስብሰባው ከሚነገሩት ነገሮች አንዱ የሴቶች የሥራ ጫና ነበር። ኃላፊው "ወንዶች ሚስቶቻቸውን በቤት ሥራ ማገዝ አለባቸው" ይላል። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ በቋንቋችን እላለሁ። ሰው ያጨበጭባል። ከሰዓት በኋላ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ከፓምፕ ቀድታ ያመጣችውን ውኃ እጠጣለሁ፣ በእሱው እታጠባለሁ፣ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። ነገሩ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሆኖ አልታየኝም ነበር። ቃሉ የእነሱ ነው፤ እኔ ያው አፍ ነኝ።

ሁለተኛዋ ልጃችን የተወለደችው በበጋ፣ ባሮ ሲጎድልና አሸዋው ሲታይ ነው። ሕፃኗ ደህና ነበረች፤ ባለቤቴ ግን ብዙ ደም ፈሰሳት። ከጤና ጣቢያ ልንወጣ ስንል ነርሷ አስቆመችኝ። አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች፣ ስትናገር ሰው ዓይን ውስጥ የምታይ ደገኛ ሴት ነበረች።

"ውኃ ማን ነው የሚቀዳላችሁ?" አለችኝ።

"እሷ ናት" አልኩና ወደ ባለቤቴ ጠቆምኩ።

"ከዛሬ ጀምሮ እሷ አይደለችም። ጀሪካን ካነሳች ደሙ ይመለሳል። ከተመለሰ ደግሞ እኔ ጋ እስክትደርሱ አትቆይም። ገባህ?"

"ገባኝ ሲስተር።"

"በል ንገራት። በደንብ ንገራት።"

ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷም፣ "ታዲያ ማን ሊቀዳ ነው?" ብላ ጠየቀች። ነርሷ፣ ባለቤቴ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። "እሺ ብላለች" አልኩ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጎረቤቶቻችን ተጋግዘው አሳለፉልን። አንዷ ጠዋት፣ ሌላዋ ማታ ጀሪካን ሞልታ በራችን ላይ ታስቀምጣለች። ሁሉም ግን የራሳቸው ቤት፣ የራሳቸው ልጆች አሉባቸው። አንድ ቀን አንዷ ጀሪካኑን ካወረደች በኋላ አንገቷን በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ቆመች። ከዚያ ሄደች። በማግስቱ ማንም አልመጣም። ቤት ውስጥ ለሕፃኗ መታጠቢያ የሚሆን ውኃ አልነበረም። ጀሪካኑን አንስቼ ወጣሁ። ይህን ውሳኔ ልለው አልችልም፤ ጀሪካኑ ባዶ ነበር፣ እጁ ባዶ የነበረ ሰው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ።

የእኛን አካባቢ ለማያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል። በእኛ ዘንድ ወንድ ዓሣ ያጠምዳል፣ ጀልባ ይቀዝፋል፣ ማሳ ይመነጥራል፣ ቤት ይሠራል። ውኃ አይቀዳም። ክልክል ነው ብሎ የደነገገ የለም። ግን ውኃ ሲቀዳ የታየ ወንድ ወይ ሚስቱ የሞተችበት ነው፣ ወይ ጤናው የተናጋ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በብስክሌት ሄድኩ። ጀሪካኑን ከኋላ በገመድ ካሰርኩት ከሩቅ ለሚያየኝ ላምባ ልገዛ የምሄድ እመስላለሁ ብዬ ነው።

ፓምፑ ጋ ስደርስ የሴቶቹ ወሬ ተቋረጠ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። የፖሊሱ ሚስት፣ የሰፈራችን ሴቶች የሚሰሟት ጠና ያለች ሴት፣ ቀረብ አለችኝ።

"ምን ፈልገህ ነው?"

"ውኃ።"

"ለመጠጣት?"

"ለቤት።"

ጀሪካኑን አየች፣ እኔን አየች። "በሉ ቅዱለትና ይሂድ" አለቻቸው። ከፊት አስቀደሙኝ። ክብር መስሎኝ ደስ አለኝ። በኋላ እንደገባኝ ግን እኔ ባለሁበት ማውራት ስለማይችሉ ቶሎ እንድጠፋላቸው ነበር። ለጥቂት ቀናት እንዲሁ ሆነ። አንድ ቀን ሆዷ የገፋ ሴት ከወረፋው መሀል፣ "ቤቱ ችግር ያለበት እሱ ብቻ ነው? እኔስ እስክወልድ ልቁም?" አለች። ብስክሌቱን እየገፋሁ ወደ ኋላ ሄጄ ቆምኩ። ማንም "ተው" አላለኝም። ያን ቀን ወረፋው እስኪደርሰኝ ፀሐዩ ናላዬን አዞረው። ወሬያቸውን እንደገና የጀመሩት ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ እኔም በወረፋው ውስጥ እንዳለ ሰው ሆንኩ።

ፓምፑ ራሱ ከባድ ነበር። እጀታውን ደጋግመህ ተጭነህ የሚሰማው የአየር ድምፅ ብቻ ነው፤ ውኃው ሊመጣ ሲል አረፍ ካልክ ተመልሶ ይወርዳል። ሴቶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በሙሉ ክብደታቸው ይንጠለጠሉበታል። እኔ ብቻዬን ልሞክር ብዬ መዳፌ ተላጠ። ሳቁብኝ፤ ከዚያ አንዷ መጥታ ከጎኔ ያዘች።

ብስክሌቴም ብዙ አልቆየችም። ቸርኬዋ ከጀሪካኑ ክብደት የተነሳ ተጣሞ መንገድ ላይ ጣለኝ። ከዚያ በኋላ ያለኝ ትከሻዬ ነበር። የእኛ ሴቶች በጭንቅላታቸው፣ የደገኞቹ በጀርባቸው ይሸከማሉ፤ እኔ አንዱንም አላውቅበትም። ጀሪካኑን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወርኩ፣ ሸሚዜ እስከ ወገቤ ረጥቦ፣ በትልቁ መንገድ ስመጣ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ አገኘኋቸው። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው ነበር።

"ወንድም፣ ሚስትህ አረፈች እንዴ?" አሉኝ ደንግጠው።

"ኧረ የለም፣ ደህና ናት። ተኝታለች።"

"ጌታ ይመስገን። ታዲያ ይህ ምንድን ነው?"

"ውኃ ነው።"

"ውኃ መሆኑንማ አያለሁ" አሉ። ግራና ቀኝ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለምን ለእኛ አልነገርክም? እህቶችን እንልክልህ ነበር።"

"እህቶቹም የሚቀዱት ሌላ ቤት አላቸው፣ አባቴ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። እሑድ በጸሎት ጊዜ "ለታመመችው እህታችንና በፈተና ላይ ላለው ወንድማችን" ብለው አስጸለዩ። ፈተና የተባለው ጀሪካኑ መሆኑን ጉባኤው ሁሉ ያውቅ ነበር። ከኋላ ወንበር ሳቅ ሰማሁ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ "አሜን" አልኩ።

ይህን ሁሉ ችዬዋለሁ ብዬ ሳስብ፣ ባለቤቴ አንድ ቀን ሕፃኗን እያጠባች አለቀሰች።

"ተው፤ በቃህ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ውኃውን። ሰው የሚስቀው በአንተ ይመስልሃል? በአንተ አይስቁም። መድኃኒት አድርጋበታለች፣ አፍዝዛዋለች እያሉኝ ነው። ልትጠይቀኝ የመጣችው ሁሉ በነገር ወግታኝ ነው የምትሄደው።"

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። ተሸክሜ የምመጣው እኔ፣ ትከሻው የሚቆስለው የእኔ፤ ሐሜቱ ግን አልጋ ላይ በተኛችው ላይ ይወርድ ነበር። "ነርሷ ያለችውን ሰምተሻል" አልኳት።

"ሰምቻለሁ። እናትህን አስጠራት።"

እናቴ የምትኖረው አቦቦ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። መልእክት ላክንላት፤ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጣ፣ በቆሎና የደረቀ ዓሣ ይዛ መጣች። ሕፃኗን አቀፈች፣ ባለቤቴን ሳመች፤ ከዚያ በሩ ጥግ የቆመውን ጀሪካንና የቆሰለውን ትከሻዬን አየች። ነገሩን ከሰው ሰምታ ነበር የመጣችው።

"አንተን ስወልድህ ወንድ ነው ብለውኝ ነበር" አለች።

ጀሪካኑን አንስታ ወጣች። ተከተልኳት። "ስጪኝ" ብላት አልሰጠችኝም፤ "ሂድ ቢሮህ" አለችኝ። እናቴ በዚያን ጊዜ ጉልበቷ የሚያማት፣ ቁጭ ስትልና ስትነሳ የምታቃስት ሴት ነበረች። እኔ ስሸከም እንዳልታይ ብላ ግን በየጠዋቱ ሄደች። ሥራ ከመግባቴ በፊት ከጎኗ እሄዳለሁ፤ ፓምፑን እኔ እመታለሁ፤ ከዚያ ጨርቅ ጠቅልላ ጭንቅላቷ ላይ ታደርግና ጀሪካኑን ታስነሳኛለች።

አንድ ጠዋት መንገዱ ዳር ያለች የኒም ዛፍ ሥር ስንደርስ ቆመች። ጀሪካኑን አወረድኩላት። ግንዱን ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበችና፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ "እስከ ቤቶቹ ድረስ ያዝልኝ" አለች። ያዝኩላት። የመጀመሪያው ቤት ከመድረሳችን በፊት እጇን ዘረጋች፤ መለስኩላት። ሰፈሩን እሷ ተሸክማ አለፈች።

በማግስቱም እንደዚሁ። ከዚያ በኋላ ግን ጀሪካኑን መልሳ የምትቀበልበት ቦታ እየራቀ መጣ። አንድ ቀን የመጀመሪያውን ቤት አለፍን፣ ሌላ ቀን የብሎኬት ሠሪውን ግቢ አለፍን። እኔ ምንም አልልም። አንድ ቃል ብናገር የምትተወው መሰለኝ።

ከዚያ አንድ ቀን እጇን ሳትዘረጋ ቀረች። በሰፈሩ መሀል፣ ወንዶቹ ማንጎ ሥር ተቀምጠው በሚጫወቱበት ፊት፣ እኔ ተሸክሜ እሷ ባዶ እጇን ከጎኔ ትሄዳለች። ከወንዶቹ አንዱ፣ ሁልጊዜ ነገር የሚፈልግ አናጢ ጎረቤታችን፣ "እማማ፣ ልጅሽን ምን አደረግሽው? ሴት ሆነብሽ እኮ!" ብሎ ጮኸ።

እናቴ ቆመች። "ና እስቲ፣ አንገትህን ልየው" አለችው።

"አንገቴን ለምን?"

"ና ስልህ ና።"

እየሳቀ ተነስቶ መጣ። እናቴ አንገቱን እንደ ከብት ገዢ በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። "አይ፣ ይህ ይሰበራል" አለችና መንገዷን ቀጠለች። ማንጎ ሥር የነበሩት ሁሉ በእሱ ሳቁ። ከዚያ ቀን በኋላ እኔን ቢያዩም ስለ አናጢው አንገት ነበር የሚያወሩት።

ማታ ደጅ ተቀምጠን ዓሣ ስትቆራርጥ፣ "አባትህ ደግ ሰው ነበር" አለችኝ። "እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ግን ያ ሁሉ ዓመት ውኃው ከየት ይመጣል ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀኝም።" ቅሬታ አልነበረበትም አነጋገሯ። ትዝ ብሏት የተናገረችው ነው።

በዚያው ሰሞን ቀበሌያችን ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ከቢሯችን የመጣው ደገኛ ኃላፊ ነው የሚመራው፤ እንደ ወትሮው አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሴቶቹ ከኋላ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ኃላፊው ስለ ውኃ ጠየቀ። የቀበሌው ሊቀመንበር ተነስቶ፣ "ፓምፕ ተተክሎልናል። የውኃ ችግራችን ተፈቷል፤ መንግሥትን እናመሰግናለን" አለ። ተረጎምኩ። ሴቶቹ ዝም አሉ። ኃላፊው "ጥሩ፣ ወደሚቀጥለው እንለፍ" አለ።

"አንድ ነገር አለ" አልኩ በአማርኛ።

"ማን ነው ያለው?" ብሎ ወደ ተሰብሳቢው ተመለከተ።

"እኔ ነኝ ጌታዬ። ይሄኛው ትርጉም አይደለም።"

"አንተ?"

"አዎ። ፓምፑ ተበላሽቷል። አንድ ጀሪካን ለመሙላት ሁለት ሰው ይፈልጋል። ነፍሰ ጡሮች እየተንጠለጠሉበት ነው።"

ግር አለው። "አንተ ይህን በምን አወቅህ?"

"እዚያ ነው የምቀዳው።"

ከአማርኛው አንድም ቃል ያልገባቸው ሰዎች አፍ አፋችንን ያያሉ። ስለዚህ ዞሬ ያልኩትን ሁሉ በቋንቋችን ደገምኩላቸው። ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ሳቁ ግን ፓምፑ ጋ እንደምሰማው ዓይነት ነበር። ከዚያ የፖሊሱ ሚስት ተነሳች። "እሱ የሚያውቀው የጠዋቱን ብቻ ነው፤ የከሰዓቱን እኔ ልናገር" ብላ ጀመረች። ከእሷ ቀጥሎ ሌላዋ ተነሳች። ሊቀመንበሩ ደስ ባይለውም አልከለከላቸውም። እኔ እስኪደክመኝ ተረጎምኩ።

በማግስቱ ማንም አልመጣም፤ በሳምንቱም አልመጣም። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው በላከኝ ቁጥር በር እያንኳኳሁ ቆየሁ። በመጨረሻ ከውኃ ክፍል አንድ ወጣት ቴክኒሻን መጣ። ሴቶቹ ሲቀዱ ቆይተው ስለነበር እጀታውን ጥቂት ሲጫነው ውኃው ወጣ። "ይሠራል እኮ" አለን።

"እባክህ ይችን ጀሪካን ሙላልኝ" አልኩት።

ጀመረ። ግማሽ ሳይደርስ ሸሚዙን አወለቀ። ሊያርፍ ሲል ሴቶቹ ባንድ ድምፅ "አታቁም! አታቁም!" አሉት፤ ዘገየና ውኃው ተመልሶ ወረደ። ጀሪካኑ ሞልቶ ሲያልቅ መሬት ላይ ቁጭ አለ። "ይሄማ የሰው ሥራ አይደለም" አለ። መሣሪያውን አወጣና ፈታው፤ ውስጡ ያለው ጎማ አልቆ ኖሯል። ያለቀውን ለወጠና ሄደ። ከዚያ በኋላ ልጅ እግር ሴት እንኳ ብቻዋን ትሞላ ነበር።

ስለ ወንዶቹ እውነቱን ልናገር። ሰፈሩ በሙሉ ተነስቶ ጀሪካን አልያዘም። ሽማግሌያችን እስከ መጨረሻው "ፈተናው እንዴት ነው?" ይሉኝ ነበር፤ አልተቀየሩም። መጀመሪያ የመጣው ፖሊሱ ነው። አንድ ምሽት ብስክሌቱን እየገፋ ደጃችን ቆመ።

"ላምባ ላመጣ ነበር" አለኝ። "ጀሪካኑ ከኋላ እንዴት ነው የሚታሰረው? አንተ ታውቃለህ አሉ።"

"ላምባ ነው?"

"አዎ፣ ላምባ።"

አሳየሁት። ቸርኬው እንዳይጣመም ሙሉውን እንዳይጭን፣ ካልሆነም እየገፋ እንዲሄድ ነገርኩት። በማግስቱ ጠዋት ወረፋው ላይ ከኋላዬ ቆመ። ሁለታችንም ስለ ላምባ አላነሳንም። ሚስቱ ከፊት ነበረች፤ ዞራ አየችውና ወሬዋን ቀጠለች። ከእሱ በኋላ ትዳር ከመሠረቱ ብዙም ያልቆዩ ሁለት ወጣቶች መጡ፤ ብስክሌት ላይ የታሰረ ጀሪካን ከዚያ ወዲህ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ነገር ሆነ።

ባለቤቴ ሲሻላት አንድ ጠዋት አብራኝ ወጣች። ነርሷ ፈቅዳላታለች። ፓምፑ ጋ ስንደርስ ሴቶቹ እልል አሉላት፤ መድኃኒት አድርጋበታለች ይሉ የነበሩትም ነበሩበት። አንዷ "መድኃኒቱን ለእኛም አካፍይን" አለቻት። ባለቤቴም ሳቀች፤ ከወለደች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት እሷ ልንቀዳ ተስማማን። ቅሬታዋ አንድ ብቻ ነበር፦ ፓምፑ ጋ ወሬ አበዛለሁ፣ ቁርስ አዘገያለሁ ትለኛለች። እውነቷን ነው።

እናቴ ወደ አቦቦ ከተመለሰች በኋላ ለሥራ ወደዚያ የሄድኩበት ቀን ነበር። ስብሰባው ሲያበቃ ልጠይቃት ጎራ አልኩ። ደጇ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች።

"ወንድሜስ?" አልኳት።

"ወደ ወንዝ ልኬዋለሁ። ጉልበቴ አሞኛል።"

ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ ጀሪካን በትከሻው አድርጎ፣ ሸሚዙ ረጥቦ፣ ፊቱን ቋጥሮ መጣ። ሲያየኝ ጀሪካኑን ዘጭ አድርጎ አስቀመጠ።

"ይህን ያመጣህብኝ አንተ ነህ" አለኝ። ቀጥሎ ወደ እናታችን ዞረ። "ከደጋ የመጡት ሰፋሪዎች በአህያ ነው የሚያስጭኑት። አህያ ይገዛልኝ።"

"እዚህ አገር አህያ አይበረክትም፤ የቆላ ዝንቡ ይገድለዋል" አለችው እናቴ። "በል አሁን ለወንድምህ ቅዳለትና ይጠጣ፤ መንገደኛ ነው።"

እያጉረመረመ ቀድቶ ሰጠኝ። ጠጣሁና ጣሳውን መለስኩለት። ትከሻውን ሲያሸው አየሁት። ጨርቅ አጥፎ ከጀሪካኑ ሥር ትከሻው ላይ እንዴት እንደሚያደርግ ላሳየው ተነሳሁ።